ዋልተር ሹሃርት፤ የጥራት ቁጥጥር ፈር ቀዳጅ

ታላላቅ ሰዎች በታሪክ ውስጥ ስማቸው የሚነሣበት ምክንያት ልዩ ልዩ ነው። አንዳንዶቹ አገር በማስተዳደር፣ አንዳንዶቹ በጦር ሜዳ በፈጸሙት ጀብዱ፣ ሌሎቹ ደግሞ አዲስ መሣሪያ ወይም አዲስ መድኃኒት በማግኘታቸው ይታወቃሉ። የዋልተር ሹሃርት ዝና ግን ከእነዚህ ከአንዱም ጋር የሚመደብ አይደለም። እርሱ ለዓለም ያበረከተው በአንዲት ወረቀት ላይ ሊሣል የሚችል፣ ጥቂት መሥመሮችና ነጥቦች ያሉት ቀላል ግራፍ ነው። ሆኖም ይህ ግራፍ ፋብሪካዎች ዕቃ የሚሠሩበትን፣ የሥራ መሪዎች የሠራተኞቻቸውን ውጤት የሚመዝኑበትን፣ መሐንዲሶችም ስለ ስሕተት የሚያስቡበትን መንገድ ለውጧል። በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ዋልተር አንድሩ ሹሃርት ማርች 18 ቀን 1891 በሰሜን አሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት፣ ኒው ካንተን በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለደ። ጊዜው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የስልክን ፈጠራ በስሙ ካስመዘገበ ገና 15 ዓመት የሞላበት ነበር። በዚያች ከተማ የተወለደው ሕፃን የሥራ ዘመኑን በሙሉ ለማለት ይቻላል ከዚሁ ከስልክ ጋር ተሳስሮ እንደሚያሳልፍ በዚያን ጊዜ ሊገምት የሚችል ሰው አልነበረም።

ሹሃርት ትምህርቱን በትጋት ተከታትሎ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪውን በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ አጠናቀቀ። በ1914 ኤድና ሃርት የተባለችውን ወጣት አገባ። ከዚያም ወደ ምዕራቡ የአገሩ ክፍል ሄዶ በበርክሌይ ከተማ በሚገኘው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ቀጠለ፤ በ1917ም በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበለ። በዚሁ ዘመን በማስተማር ሥራም ላይ ተሰማርቶ ስለ ነበር፣ በዊስከንሰን ግዛት በላክሮስ ከተማ በሚገኝ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የፊዚክስን ክፍል ለጥቂት ጊዜ በኀላፊነት መርቷል።

ሹሃርት የተማረው ፊዚክስ ለኋላው ሥራው ያዘጋጀው መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል። ከእርሱ በፊት የነበሩ ሊቃውንት በአንድ ዕቃ ውስጥ የታፈነ አየር ቍጥር ስፍር ከሌላቸው ጥቃቅን ሞለኪውሎች የተሠራ መሆኑን፣ እያንዳንዱ ሞለኪውል ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ለማወቅ እንደማይቻል፣ ነገር ግን ሁሉም በአንድነት ሲታዩ የታወቀ ሕግ እንደሚከተሉ አረጋግጠው ነበር። ስለዚህ በነጠላው ዘንድ ያለ ሥርዓት የሚመስለው ነገር በብዛቱ ዘንድ ሥርዓት አለው። ይህን ዓይነቱን አስተሳሰብ ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ወደ ፋብሪካ ማስገባት ለሹሃርት የተተወ ዕድል ሆነ።

በ1918 ሹሃርት ዌስተርን ኤሌክትሪክ በተባለው ኩባንያ ውስጥ በመሐንዲስነት ተቀጠረ። ይህ ኩባንያ በአሜሪካ ለሚገኘው ለታላቁ የቤል የስልክ ድርጅት የሚያስፈልጉትን መሣሪያዎች የሚሠራ ነበር። ዋናው ፋብሪካውም በቺካጎ ከተማ አጠገብ ሐውቶርን በሚባል ሥፍራ ተቋቁሞ፣ በ1920ዎቹ እስከ 40,000 የሚደርሱ ሠራተኞች ያስተዳድር ነበር። ከዚያ ፋብሪካ የስልክ ቀፎዎች፣ ማዞሪያዎች፣ ሽቦዎችና ሌሎችም ጥቃቅን የብረታ ብረት ክፍሎች በብዛት ይወጡ ነበር። አንድ የስልክ መሥመር በትክክል እንዲሠራ እነዚህ ሁሉ ክፍሎች እርስ በርሳቸው መገጣጠም ነበረባቸው። በአንድ ከተማ የተሠራው ብሎን በሌላ ከተማ ለተሠራው ቀዳዳ ካልገጠመ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

በዚያን ዘመን የዕቃን ጥራት ለመጠበቅ የታወቀው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ዕቃው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ መመርመርና የተበላሸውን ከደኅናው መለየት ነው። ለዚህም ተግባር እጅግ ብዙ መርማሪዎች ተቀጥረው ነበር። ይሁን እንጂ ይህ አሠራር ሁለት ከባድ ጉድለቶች ነበሩበት። አንደኛ፣ መርማሪው የተበላሸውን ዕቃ ቢጥለውም ለዕቃው የጠፋው ብረት፣ ጊዜና ጉልበት ተመልሶ አይገኝም። ሁለተኛ፣ ምርመራው ዕቃው መበላሸቱን እንጂ ለምን እንደ ተበላሸ አይናገርም። ከዚህም በላይ ድምፅን የሚያጎሉ መሣሪያዎች ከመሬት በታች መቀበር በጀመሩ ጊዜ ነገሩ የባሰ አሳሳቢ ሆነ፤ አንዱ ከተበላሸ መሬቱን ቆፍሮ ማውጣትና መጠገን ብዙ ገንዘብ ይጠይቅ ነበርና።

የኩባንያው መሐንዲሶች ጥራትን ለማሻሻል ሲሉ ብዙ ደከሙ። አንድ ዕቃ ከተወሰነለት ልክ ጥቂት በለጠ ሲባል መኪናውን ዝቅ፣ ጥቂት አነሰ ሲባል ደግሞ ከፍ ያደርጉ ነበር። ነገር ግን ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። ለእያንዳንዱ ስሕተት ወዲያውኑ ማስተካከያ ባደረጉ ቍጥር በዕቃዎቹ መካከል ያለው ልዩነት እንደ መቀነስ ፈንታ እየጨመረ ይሄድ ጀመር። መልካም ለማድረግ የሚደረገው ጥረት ራሱ ጉዳት የሚያመጣው ለምንድን ነው? ሹሃርት ይመልስ ዘንድ የተነሣው ጥያቄ ይህ ነበር።

ለመልሱ መነሻ ያደረገው ሐሳብ ማንም ሊሞክረው የሚችል ነው። በኋላ ባሳተመው መጽሐፉ መግቢያ ላይ አንባቢው አንድን የእንግሊዝኛ ፊደል በወረቀት ላይ ደጋግሞ እንዲጽፍና ሁሉንም አንድ ዓይነት ለማድረግ እንዲጣጣር ይጋብዘዋል። የእኛም ተማሪ ሀ የሚለውን ፊደል ሃያ ጊዜ ቢጽፍ ያንኑ እውነት ያገኛል። የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ሃያዎቹ ፊደላት ፈጽሞ አንድ አይሆኑም፤ አንዱ ጥቂት ይሰፋል፣ ሌላው ጥቂት ይዘማል። ለእያንዳንዱ ጥቃቅን ልዩነት አንድ የተለየ ምክንያት ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። የእጅ ድካም፣ የወረቀቱ ገጽ፣ የብርሃኑ ሁኔታና ሌሎችም ብዙ ጥቃቅን ነገሮች ተባብረው ያመጡታልና። ሆኖም ከሃያው አንዱ ፊደል እጅግ ተጣሞ ቢገኝ፣ በዚያች ቅጽበት የጸሐፊውን ክንድ ሰው ገፍቶት፣ ወይም ብዕሩ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ተፈልጎ የሚገኝ ምክንያት ነው።

ሹሃርት ከዚህ በመነሣት በማንኛውም ሥራ ላይ የሚታየውን ልዩነት በሁለት ከፈለው። የመጀመሪያው ከአሠራሩ ከራሱ የሚመነጭ፣ ብዙ ጥቃቅን ነገሮች ተደምረው የሚያስከትሉት፣ ዘወትር የሚኖር ልዩነት ነው፤ ይህንንም የአጋጣሚ ምክንያቶች ውጤት አለው። ሁለተኛው ከአሠራሩ ውጭ በመጣ አንድ ልዩ ነገር፣ ለምሳሌ በመኪና መሰበር፣ በጥሬ ዕቃ መለወጥ ወይም ሥራውን ባልተማረ አዲስ ሠራተኛ የተነሣ የሚከሠት ልዩነት ነው፤ ይህን ደግሞ ተለይቶ ሊታወቅ የሚችል ምክንያት ውጤት አለው። አንድ አሠራር በመጀመሪያው ዓይነት ልዩነት ብቻ የሚመራ ሲሆን በቁጥጥር ሥር ያለ ይባላል። እንዲህ ያለው አሠራር ነገ የሚሰጠው ውጤት በምን ያህል ወሰን ውስጥ እንደሚውል አስቀድሞ ለመናገር ይቻላል።

ነገር ግን ሁለቱን ዓይነት ልዩነቶች በዓይን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ መለያ መሣሪያ አስፈለገ። ሜይ 16 ቀን 1924 ሹሃርት ለመሥሪያ ቤቱ አለቆች ከአንዲት ገጽ እምብዛም ያልበለጠች አጭር ማስታወሻ አቀረበ። ከገጿም ሲሦ ያህሉን የያዘው አንድ ሥዕል ነበር። ያ ሥዕል ዛሬ በመላው ዓለም የቁጥጥር ግራፍ ተብሎ የሚታወቀው ነው። በፋብሪካዎች ታሪክ ውስጥ በዚህን ያህል ጥቂት ቃላት ይህን ያህል ታላቅ ለውጥ ያስከተለ ጽሑፍ ብዙ አይገኝም።

የግራፉ አሠራር በምሳሌ ሲታይ እንደሚከተለው ነው። አንድ ፋብሪካ ውፍረታቸው 10 ሚሊ ሜትር መሆን የሚገባቸው የብረት ዘንጎች ይሠራል እንበል። ተቆጣጣሪው በየሰዓቱ 4 ዘንጎች እያነሣ ይለካል፤ የአራቱንም ልኬት ደምሮ ለ4 በማካፈል አማካዩን ያገኝና በግራፉ ላይ በነጥብ ያመለክታል። በርካታ ሰዓታት ካለፉ በኋላ የጠቅላላው አማካይ 10.00 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቢገኝ፣ በግራፉ መካከል በዚሁ ቍጥር ላይ አግድም መሥመር ይሠመራል። ልኬቶች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበታተኑ የሚያሳየው መጠን መደበኛ ልይይት ይባላል። የነጠላ ዘንጎች መደበኛ ልይይት 0.04 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የአራት አራት ዘንጎች አማካይ የሚበታተነው የዚህን እኩሌታ፣ ማለትም 0.02 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ በ3 ሲባዛ 0.06 ይሆናል። ስለዚህ ከመካከለኛው መሥመር በላይ በ10.06፣ ከእርሱም በታች በ9.94 ሁለት ሌሎች መሥመሮች ይሠመራሉ። እነዚህም የላይኛውና የታችኛው የቁጥጥር ወሰን ይባላሉ።

ከዚህ በኋላ የተቆጣጣሪው ተግባር ቀላል ነው። ነጥቦቹ በሁለቱ ወሰኖች መካከል ያለ ሥርዓት ከፍና ዝቅ እያሉ ቢቀጥሉ መኪናውን መነካካት አይገባውም። አንዱ ነጥብ ከወሰኑ ወጥቶ ቢታይ ግን ሥራውን አቁሞ ምን አዲስ ነገር እንደ ተፈጠረ መመርመር ይኖርበታል። ግራፉ ችግሩ የተከሠተበትን ሰዓት ስለሚያመለክት ምክንያቱ ሳይረሳ ለመድረስ ያስችላል። በዚህም የተነሣ ብልሽት ከደረሰ በኋላ ዕቃ ከመጣል ይልቅ ብልሽት እንዳይደርስ መከላከል የሚቻል ሆነ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። የቁጥጥር ወሰኖቹ የሚገኙት ከአሠራሩ ከራሱ ልኬት እንጂ ከገዢው ፍላጎት ወይም ከአለቃው ትእዛዝ አይደለም። አለቃው የሁሉም ዘንጎች ውፍረት ከ10 ሚሊ ሜትር በ0.01 እንኳ እንዳይለይ ቢመኝ፣ ምኞቱ ብቻ መኪናውን አይለውጠውም። አንድ አሠራር ፍጹም በቁጥጥር ሥር ሆኖ ሳለ ከተፈለገው ጥራት በታች ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን መፍትሔው አሠራሩን መለወጥ፣ ማለትም የተሻለ መኪና፣ የተሻለ ጥሬ ዕቃ ወይም የተሻለ ሥልጠና ማቅረብ ነው።

ሹሃርት ወሰኑን በሦስት መደበኛ ልይይት ላይ የወሰነው በከንቱ አይደለም። በእርሱ አመለካከት ሰው በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊፈጽም ይችላል። አንደኛው በአጋጣሚ የመጣውን ልዩነት የተለየ ምክንያት እንዳለው አድርጎ በመቍጠር የሌለ ጥፋት መፈለግ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እውነተኛ ምክንያት ያለውን ልዩነት አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ነው። ወሰኑ ቢጠብ የመጀመሪያው፣ ቢሰፋ ደግሞ ሁለተኛው ስሕተት ይበዛል። ሁለቱም ገንዘብና ጊዜ ያባክናሉ፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ፈጽሞ ለማስወገድም አይቻልም። ስለዚህ የሚሻለው በሁለቱ የሚደርሰው ጉዳት በጠቅላላው አነስተኛ የሚሆንበትን ሥፍራ መምረጥ ነው። ሦስት መደበኛ ልይይት የተባለው ወሰን በሥራ ላይ ሲፈተን ለዚህ ተስማሚ ሆኖ ስለ ተገኘ ጸንቶ ቆየ።

የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር በገንዘብ ብቻ የሚተመን አይደለም። ከዚያ በፊት አንድ ሠራተኛ በአንድ ቀን ብዙ ብልሹ ዕቃ ከወጣበት ይወቀስ፣ ይቀጣ ወይም ከሥራ ይባረር ነበር። በማግሥቱ ጥቂት ብልሹ ዕቃ ከወጣበት ደግሞ ይመሰገናል። ነገር ግን ሁለቱም ቍጥሮች በወሰኑ ውስጥ ከሆኑ ወቀሳውም ሆነ ምስጋናው ያለ ቦታው የተሰጠ ነው፤ ሠራተኛው በሁለቱም ቀን የሠራው በዚያው መኪና፣ በዚያው ብረትና በዚያው ትጋት ነውና። ያላጠፋ ሰው ሲቀጣ ደግሞ ሌሎች ከፍርሃት የተነሣ የደረሰውን ብልሽት መደበቅ ይጀምራሉ። አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚሉት ሁሉ፣ ጉድለቱን የሚደብቅ ፋብሪካም ሊሻሻል አይችልም። የሹሃርት ግራፍ የሠራተኛውን ጥፋት ከአሠራሩ ጉድለት ለመለየት የሚያስችል ማስረጃ በማቅረቡ ከመለኪያነቱ አልፎ የፍትሕ መሣሪያ ሆነ ማለት ይቻላል።

በ1925 የቤል የስልክ ቤተ ሙከራዎች በተቋቋሙ ጊዜ ሹሃርት ወደዚያ ተዛውሮ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አገለገለ። ሐሳቡን በቃል ብቻ ከማስረዳት ይልቅ በሙከራ ማረጋገጥን ይመርጥ ነበር። ለምሳሌ ቍጥር የተጻፈባቸውን ጥቃቅን ቁራጮች በጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ጨምሮ፣ አንዱን እያወጣ ቍጥሩን ከመዘገበ በኋላ መልሶ በመቀላቀል ይህንኑ በሺህ ለሚቆጠሩ ጊዜያት ደጋግሟል። ከዚያም የተመዘገቡትን ቍጥሮች በአራት በአራት መድቦ አማካያቸው እንዴት እንደሚበታተን አጠና። ሥራው አሰልቺ ቢመስልም ሹሃርት የሚያቀርበው ደንብ በአጋጣሚ ብቻ በሚመራ ነገር ላይ ምን እንደሚያሳይ በዓይኑ ለማየት ፈልጎ ነው።

የእነዚህ ዓመታት ጥናት በ1931 በመጽሐፍ መልክ ታተመ። መጽሐፉ በፋብሪካ የሚሠሩ ዕቃዎችን ጥራት በአነስተኛ ወጪ ስለ መቆጣጠር የሚያስረዳ ሲሆን፣ ለዚህ የዕውቀት ዘርፍ መሠረት የጣለ ሥራ ተብሎ ይቈጠራል። በዚያው ዓመት ኤጎን ፒርሰን የተባለ እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ ወደ አሜሪካ ሄዶ ከሹሃርት ጋር ተገናኘ። በ1932 ደግሞ ሹሃርት ወደ ለንደን ተጋብዞ በዩኒቨርሲቲው ንግግር አደረገ። ከዚህም የተነሣ ዘዴው በብሪታንያ ታወቀ፤ ፒርሰን ያዘጋጀው የብሪታንያ የደረጃ መመሪያም በ1935 ወጣ።

ይሁን እንጂ አዲስ ሐሳብ በአንድ ጊዜ አይስፋፋም። በ1930ዎቹ ዘዴውን በሥራ ላይ ያዋሉት ፋብሪካዎች ጥቂቶች ነበሩ። ብዙዎቹ መሐንዲሶች ስታቲስቲክስን አልተማሩም፤ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ደግሞ ፋብሪካ ገብተው አያውቁም ነበር። የሹሃርትም አጻጻፍ ጥልቅ ከመሆኑ የተነሣ ለተራ አንባቢ ከባድ ነበር። ስለዚህ ሐሳቡን ተረድቶ ለሌሎች የሚያደርስ ሰው አስፈለገው።

ያም ሰው ኤድዋርድስ ዴሚንግ ሆነ። ዴሚንግ በተማሪነቱ ዘመን በበጋ ዕረፍት ወራት በሐውቶርን ፋብሪካ የሠራ፣ በኋላም በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር የተቀጠረ የፊዚክስና የስታቲስቲክስ ሊቅ ነበር። በ1938 ሹሃርት በዚያ ሚኒስቴር ትምህርት ቤት ተከታታይ ንግግሮች እንዲሰጥ ጋበዘው፤ ንግግሮቹንም አርሞና አስተካክሎ በ1939 በመጽሐፍ እንዲታተሙ አደረገ። ሹሃርት በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሚፈለገውን መወሰን፣ መሥራትና መመርመር የተባሉት ሦስት ደረጃዎች በቀጥታ መሥመር ሳይሆን በክብ መልክ መታየት እንዳለባቸው አስረዳ። ምርመራው ያስገኘው ዕውቀት ለሚቀጥለው ሥራ መነሻ ይሆናልና። ዴሚንግ በኋላ ይህን ክብ አስፋፍቶ ሲያስተምር የሹሃርት ዑደት እያለ ይጠራው ነበር።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ አሜሪካ የጦር መሣሪያና ስንቅ በከፍተኛ ፍጥነት መሥራት ነበረባት። እያንዳንዱን ጥይት ተኩሶ መሞከር አይቻልም፤ የተተኰሰ ጥይት ለውጊያ አይውልምና። በዚህ ጊዜ ከጥቂቱ ተነሥቶ ስለ ብዙው ለመፍረድ የሚያስችለው የሹሃርት ዘዴ አስፈላጊነቱ ጎልቶ ታየ። በ1941ና በ1942 ስለ ቁጥጥር ግራፍ አጠቃቀም የሚያስረዱ የጦር ጊዜ መመሪያዎች ታተሙ፤ ከ1942 ጀምሮም በስታንፎርድና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ለመሐንዲሶችና ለተቆጣጣሪዎች አጫጭር ኮርሶች ተሰጡ። ከእነዚህ ሠልጣኞች ብዙዎቹ ተባብረው በ1946 የአሜሪካን የጥራት ቁጥጥር ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩም ሹሃርትን የመጀመሪያው የክብር አባሉ አድርጎ መረጠው፤ በስሙም የሚሸለም ሜዳይ አቋቋመ።

ከጦርነቱ በኋላ ዘዴው ወደ እስያ ተሻገረ። ሕንድ ነጻነቷን ባገኘችበት በ1947 መጨረሻ ሹሃርት ፕራሳንታ ማሃላኖቢስ በተባለው ታዋቂ የስታቲስቲክስ ሊቅ ተጋብዞ ወደዚያ ሄደ፤ በልዩ ልዩ ከተሞችም እየተዘዋወረ ለኢንዱስትሪ ሰዎች ስለ ጥራት ቁጥጥር አስረዳ። ዴሚንግ ደግሞ በ1950 በጃፓን የሳይንስ ሊቃውንትና የመሐንዲሶች ማኅበር ጥሪ ወደ ጃፓን ተጕዞ ከሹሃርት የተማረውን ለፋብሪካ መሪዎችና ለመሐንዲሶች አስተማረ። በዚያን ጊዜ ጃፓን በጦርነት የፈራረሰች፣ ዕቃዋም በዓለም ገበያ በዝቅተኛነት የሚታወቅ አገር ነበረች። ጃፓናውያን ይህን ትምህርት ከራሳቸው ትጋት ጋር አዋሕደው በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ዕቃቸውን በጥራት ከሚታወቁት ተርታ አሰለፉት።

ሹሃርት ከፋብሪካ ሥራው ሌላ ለስታቲስቲክስ ዕውቀት መስፋፋት ብዙ ደክሟል። የሒሳባዊ ስታቲስቲክስ ተቋም ከመሠረቱት አንዱ ሲሆን፣ በፕሬዚዳንትነትም መርቶታል። በ1945ም የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኗል። ለረጅም ዓመታትም በዚህ ዘርፍ የሚታተሙ ተከታታይ መጻሕፍትን በአዘጋጅነት ሲመራ ኖሯል። ያም ሆኖ ስሙ ከሙያው ክበብ ውጭ እምብዛም አልታወቀም፤ የእርሱን ሐሳብ የሚጠቀሙ ብዙዎች የሐሳቡን ባለቤት አያውቁትም።

በ1956 ሹሃርት ጡረታ ወጣ። በዚያው ዓመት ዌስተርን ኤሌክትሪክ የግራፉን አጠቃቀም ለሠራተኛው በሚገባ ቋንቋ የሚያብራራ መመሪያ አሳተመ። ከመመሪያው ደንቦች አንዱ፣ ነጥቦች ከወሰኑ ባይወጡም እንኳ ስምንት ተከታታይ ነጥቦች ከመካከለኛው መሥመር በአንድ ወገን ከዋሉ ምክንያቱ መመርመር እንዳለበት ያዝዛል። ስለዚህ ከ32 ዓመት በፊት በአንዲት ገጽ የተጀመረው ሐሳብ ተራው ሠራተኛ በእጁ ይዞ የሚሠራበት መሣሪያ ሆነ። ዋልተር ሹሃርት ማርች 11 ቀን 1967፣ ሰባ ስድስት ዓመት ሊሞላው ሰባት ቀን ሲቀረው፣ በኒው ጀርሲ ግዛት ዐረፈ።

ታላቁ የሐውቶርን ፋብሪካ በ1983 ተዘግቷል። የሹሃርት ግራፍ ግን ፋብሪካውን አልፎ ኖሯል። መድኃኒት በሚቀመምበት፣ ደም በሚመረመርበት፣ ጨርቅ በሚሸመንበትና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በሚገጣጠምበት ሥፍራ ሁሉ ይሠራበታል። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም ስለ ግራፉ ያወጣው መመሪያ የሹሃርትን ስም እንደ ያዘ ነው። ቀድሞ በእርሳስና በማስመሪያ ይሠራ የነበረው ሥዕል ዛሬ በኮምፒዩተር ይሠራ እንጂ፣ መካከለኛው መሥመርና ሁለቱ ወሰኖች ያው ናቸው።

ከዚህ ሰው ሕይወት የምንቀስመው ትምህርት ከፋብሪካ ውጭም የሚያገለግለን ነው። ሰው በባሕርዩ አንድ ነገር ከተለመደው ጥቂት ሲያፈነግጥ ወዲያውኑ ጥፋተኛ ለመፈለግ ይቸኩላል፤ ወይም በተቃራኒው እውነተኛ አደጋ ሲመጣ ያለፈ ያገደመ ነው ብሎ ቸል ይላል። ሹሃርት ያስተማረው ከሁለቱም ርቆ መለካትን፣ መመዝገብንና ማስረጃው ሲያዝ ብቻ መነሣትን ነው። ፈጥኖ መፍረድ ቀላል ነው። ሳይፈርዱ ታግሦ መመርመር ግን ታላቅ ዲሲፕሊን ይጠይቃል፤ የዋልተር ሹሃርትም ውለታ ለዚህ ትዕግሥት ማንም ሊይዘው የሚችል መሣሪያ መስጠቱ ነው።